ኪሎ ለመቀነስ ስንነሳ ኒያችን ምንድን ነው?

ዛሬ የምናነሳው ከሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ጉዳይ ነው፤ ስለ ውፍረት። እንድናነሳው ያስገደደንም የራሳችን ጥፋት ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የሠርግ ግብዣ ላይ አንድ ወንድማችንን በሆዱ ቀለድንበት። ሰው ሳቀ፤ እርሱም አብሮ ሳቀ። ከማግስቱ ጀምሮ ምሳ መብላት ተወ። ሐኪም ስኳሩ ከፍ ማለቱን ነግሮት ስለነበር መቀነሱ በእርግጥ ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተወው። በኋላ ስንጠይቀው «ኡስታዝ፣ የእርስዎን አፍ ፈርቼ ጀመርኩ፤ እርስዎ ሲረሱት እኔም ረሳሁት» አለን። መልሱ ለረጅም ጊዜ ከንክኖናል።

ይህ የእርሱ ብቻ ድክመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ክብደት ለመቀነስ ሕክምና የገቡ 128 በጣም ወፍራም ሰዎችን ተከታትሏል። ተገፍተው ወይም ሰው ምን ይለኛል ብለው ከገቡት ይልቅ ነገሩን አምነውበት የራሳቸው ያደረጉት አዘውትረው ተገኝተዋል፤ የቀነሱትንም ከ23 ወር በኋላ በተሻለ ሁኔታ ይዘው ቆይተዋል።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ነገር ቅርብ የሆነ ስም አለን፤ ኒያ እንለዋለን። ረመዷንን እንመልከት። በሌላው ወር አንድ ምሳ መዝለል አልችልም የሚል ሰው ወሩን ሙሉ ይፆማል። ቀትር ላይ የወጥ ሽታ ሲመጣ «ልብላ ወይስ ልተው» እያለ ከነፍሱ ጋር አይሟገትም፤ ሙግቱ ሌሊት ሲነይት አልቋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ለማታው የወሰንነው ነገር የለም። ቴምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ አሁንም ሳምቡሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ! ስለዚህም ከዒድ በኋላ ሲመዘን ኪሎ ጨምሮ የሚገኝ ሰው አለ። ቀኑን ሙሉ የታገሠ ሰው ጽናት አነሰው ልንል አንችልም፤ ማታውን ሳይወስንበት ቀርቶ ነው። (ሳምቡሳ የሚጠብሱትን እናቶችና እህቶች መውቀስም ተገቢ አይደለም፤ የሚያስጠብሳቸው በአብዛኛው የእኛ የወንዶቹ አፍ ነው።) የሲሶውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማወቃችን ግን ሳህኑን አላሳነሰውም።

ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ ጥቅል ዓላማ ብቻውን እንደማይበቃ፣ «ይህ ጊዜ ሲደርስ ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ አስቀድሞ ሲወሰን ግን የመፈጸም ዕድሉ እንደሚጨምር አስረድተዋል። በቤታችን ቋንቋ እናስቀምጠው፦ አዛን ሲል በቴምርና በውኃ አፈጥራለሁ፤ መግሪብ ሰግጄ አንድ ሳህን እበላለሁ፤ ሁለተኛ አላስጨምርም። ከረመዷን ውጭ ደግሞ፦ ዐሱር ሰግጄ በረጅሙ መንገድ በእግሬ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ዘመድ ቤት ስንሄድም መልሳችንን ከበሩ ሳንገባ እናዘጋጅ፤ ጉርሻ ከተዘረጋ በኋላ እምቢ ማለት ማን ይችላል?

ዒላማው ትንሽ ቢሆንም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ታግዘው፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ6 ኪሎ ጥቂት ያለፈ ነው።

ሁሉም ነገር በሐሳብ ጽናት ይሆናል ማለታችን ግን አይደለም። በዘር፣ በሕመም፣ በመድኃኒትም የሚመጣ ውፍረት አለ፤ ወፍራም ያየነውን ሁሉ ሰነፍ ማለት በደል ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ምግብ ከመቀነሱና ከመፆሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ያ ወንድማችን ከዓመት በኋላ እንደገና ጀምሯል። ትንሿ ልጁ የመስጂዱን ዳገት ቀድማው ወጥታ ቆማ ስትጠብቀው ነው ልቡ የተነሳው። ዛሬ ከሱብሒ በኋላ ከእኛ ጋር በእግሩ ይሄዳል፤ ስለ ሆዱም አናነሳበትም።