ለአሮጊት ቅናሽ የለውም ወይ?

ለገና ላሊበላ ወላጆቼ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ጎረቤታችን እማሆይ የግብር ደረሰኛቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። «ልጄ፣ አካውንቲንግ ነው አይደል የምትማረው? እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። ድሮ ለበዓል እንግዳ አንዲት ክፍል እያከራዩ ይደጎሙ ነበር፤ ዛሬ እሷም የለች። ካነበብኩላቸው በኋላ «ለአሮጊት ቅናሽ የለውም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ዝም አልኩ፤ አላውቅማ!

ኮሌጅ ስመለስ አዋጆቹን አገላበጥኩ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በግል የቀረው መኖሪያ ቤት ለአሥርታት ሲገብር የኖረው በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ክፍያው ሁለት ነው። አንዱ የቦታ ኪራይ ሲሆን ሁለተኛው ሕዝቡ «ጣራና ግድግዳ» የሚለው የቤት ግብር ነው። የቤት ግብሩ የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ገንዘብ ላይ ነው፤ መጣኔውም ከ1 እስከ 4.5 በመቶ ይደርሳል።

ነጻ ከተደረጉት መካከል ቤተ እምነቶችና ቅጥራቸው፣ እንዲሁም የዓመት ኪራይ ግምቱ ከ300 ብር በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ይገኙበታል። ዕድሜ የሚል ነገር ግን የለም። ሕጉ ያየው ቤቱን እንጂ ባለቤቱን አይደለም። በዓመት 300 ብር ማለት በወር 25 ብር ነው። በ1968 ይህ የድሃ ቤት ነበር። ዛሬ በ25 ብር የሚከራይ ጎጆ ካለ እባካችሁ ለእኛ ለተማሪዎች ጠቁሙን! ስለዚህ የድሃው ከለላ ማንም ሳይሽረው በገንዘብ መርከስ ብቻ ሞቷል። እውነተኛው እፎይታ ሌላ ነበር፤ ግምቱ ለረጅም ዘመን ሳይታደስ በመቆየቱ ግብሩ ራሱ ትንሽ ሆኖ ኖረ። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ግምቱን ስታሻሽል የተነሣውን ጫጫታ የሰማ ሁሉ ይህን ይረዳል።

በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። አሁን ግብሩ የሚያያዘው ከንብረቱ ዋጋ ጋር ነው፤ ዝርዝሩን ክልሎች በራሳቸው ሕግ ያወጡታል። እኔን ያሳሰበኝ እዚህ ላይ ነው። ላሊበላ ውስጥ ለአብያተ ክርስቲያናቱ የቀረበ ቦታ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ገቢው ግን በእንግዳ ላይ የቆመ ስለሆነ በ2012 በኮሮና፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጦርነቱ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት ተመታ። እማሆይ ቤት አላቸው፤ ብር የላቸውም። ቤት ደግሞ ተቆርሶ አይገበርም።

ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ዕድሜው 65 የሞላና ገቢው ከተወሰነ መጠን ያልበለጠ ባለቤት የቤት ግብሩ በግማሽ ይቀነስለታል። ኦሬጎን ውስጥ ደግሞ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አረጋውያን ክፍያው ቤቱ እስኪሸጥ ወይም ባለቤቱ እስኪሞት ሊቆይላቸው ይችላል። የእኛ ክልል ዕድሜን ብቻ ቢያይ፣ በእኔ ግምት፣ ባለ ሆቴሉም ሽማግሌ አብሮ ይገባል። ገቢን እንይ ቢባልስ የእማሆይን ገቢ የሚያስረዳ ወረቀት የታለ? ነገር ግን ቀበሌ የጤና መድን መዋጮ የሚከፈልላቸውን ድሆች ይለይ የለም እንዴ? ያው መዝገብ ለግብሩም ቢያገለግል ምን ይጎዳል?

ለአሁኑ ያለው በር ጠባብ ነው። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ከባድ ችግር የደረሰበት ግብር ከፋይ ዕዳው እንዲቀርለት የሚጠይቅበት አንቀጽ አለ። ይህ ለፌዴራል ግብር ስለሆነ፣ ለቤት ግብር መጠየቅ ያለበት የክልሉ ሕግ ነው። ግምቱ በዝቷል የሚል ሰውም ቅሬታውን በጽሑፍ ቢያቀርብ ይሻለዋል፤ በቃል የተነገረ ይረሳል።

ይህንኑ ለእማሆይ በስልክ ነገርኳቸው፤ ማመልከቻውንም ልጽፍላቸው ተስማማን። ስጽፍ ነው ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የሟቹ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ለካስ በሕግ ዓይን ግብር ከፋዩ እሳቸው አልነበሩም። አሁን መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከዚያ የስም ዝውውር፣ ከዚያ ነው ማመልከቻው። ለፋሲካ ስሄድ ከዚያ እንጀምራለን።