የተሜ ጓዝ

ብቸና ገበያ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ የጀርባ ቦርሳዬን አስመዘንኩ። 14 ኪሎ። ውሃ አልተሞላም፣ ስንቅም ገና አልገባም። ነጋዴው ቦርሳውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ምን ልትሸጥ ነው?» አለኝ። ልሸጥ ሳይሆን በእግሬ ሞጣ ልሄድ እንደሆነ ስነግረው ሳቁ አመለጠው።

ከብቸና ሞጣ በካርታ ላይ ቀጥ ተደርጎ ቢለካ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እግረኛ ግን ቀጥ ያለ መንገድ አያገኝም። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ወደ ዓባይ ሲነጉዱ አገሩን ሸንሽነውታል፤ ቁልቁለቱን የጨረሰ ሁሉ ዳገቱ ይጠብቀዋል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል።

በውጭ አገር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ስልጠና አለ። አምስት ስድስት ሰው ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ለጥቂት ቀን ተራራ ይወጣል፤ ትምህርቱ የሚጀምረውም ከሚዛን ነው። ስንቅ፣ ውሃና ነዳጅ ሳይቆጠር ጓዝህ ከ9 ኪሎ በታች ከሆነ ቀላል ተጓዥ ነህ። ከ4.5 ኪሎ ከወረደማ ወደ ምናኔው ተጠግተሃል። ጀማሪ የማንኪያውን እጀታ ሊቆርጥ ይቸኩላል፤ ክብደቱ ያለው ግን ቦርሳው ራሱ፣ ድንኳኑና መኝታው ላይ ነው። የዚህ ጎራ ሰዎች እንደ ቅድመ አያት የሚያነሷቸው አሜሪካዊቷን ወይዘሮ ኤማ ጌትዉድን ነው። የ11 ልጆች እናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን ሲጨርሱ የያዙት ራሳቸው የሰፉትን ከረጢት፣ ብርድ ልብስና ለዝናብ የሚሆን የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነበር። የእኛን አገር የበግ ቆዳ ካባ፣ ደበሎን፣ ቢያገኙ መጋረጃውን የሚተዉት ይመስለኛል።

ብቸናና ሞጣ ባሉበት በምሥራቅ ጎጃም ይኸው ሙያ ስልጠና ሳይባል ሲሰጥ ኖሯል፤ ሠልጣኙም የቆሎ ተማሪ፣ በቁልምጫው ተሜ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአንድ ደብር አያልቅም። ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ይኬዳል። ለቅኔ ደግሞ ጎጃም ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ብቸና አጠገብም ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያስተዋወቁን ዲማ ጊዮርጊስ። ስለዚህ ተሜ መምህር በቀየረ ቁጥር አገር ያቋርጣል።

ጓዙ ይቆጠር ቢባል በአንድ እጅ ጣት ያልቃል፦ ደበሎ፣ የስንቅ መያዣው አኮፋዳ፣ ዱላ፣ የውሃ ቅል፣ ካለውም ማኅደር ውስጥ ያለች ዳዊት። ደበሎውን እንየው። የበግ ቆዳ ነው፤ ታሽቶ የለሰለሰ፣ ጠጉሩ ያልተነካ። ቀን ካባ ነው፣ ማታ ምንጣፍና ብርድ ልብስ፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ። ቀደም ሲል ከጠቀስኳቸው ሦስት ከባድ ዕቃዎች ሁለቱ በአንድ ቆዳ ተጠቃለሉ ማለት ነው። ሦስተኛው ቦርሳው ነበር፤ እሱን አኮፋዳው ተክቶታል። ተሜ የለመነውን እንጀራ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። ውሃው ሲወጣ ክብደቱም ይወጣል፣ ሻጋታም ይርቃል። በውጭ አገር የተራራ ዕቃ መሸጫዎች የደረቀ ምግብን በውድ የሚሸጡት በዚሁ ስሌት ነው።

ጀማሪው ተሜ ብቻውን አይወጣም። ነባር ተማሪ ከፊት፣ ሁለት ሦስት አዲሶች ከኋላ ይሆናሉ። ውሻ ሲመጣ አይሮጥም፤ ዱላ ወደፊት ተይዞ ጀርባ ሳይሰጡ ማፈግፈግ ነው። መንደር የሚገባው ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጭስ የሚታይበት ቤት ተመርጦ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ተብሎ ሲጠበቅ ከውስጥ «ተሜ፣ ና ተቀበል» ከተባለ ራት ተገኘ። «እግዜር ይስጥህ» ከተባለ ግን የለም ማለት ነው፤ አይከራከሩም፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ይታለፋል።

ይህን ሁሉ ሳወድስ አንድ ነገር ማለፍ አልችልም። መቅለልም ልክ አለው። ቅያሪ የሌለው ልብስ አይታጠብም፣ ያልታጠበ ልብስ ቅማል ያፈራል፣ ቅማልም ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ያስተላልፋል። በጎጆ ተጣበው የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች በዚህ በሽታ ከሚጠቁት ወገኖች መካከል ሲጠሩ ኖረዋል። አንድ ቅያሪ ሸሚዝና አንድ ሳሙና ግማሽ ኪሎ አይሞሉም። እኔ ብሆን እነሱን እሸከም ነበር።

ደግሞስ ተሜ በእርግጥ ቀላል ነው? ድንኳኑ የገበሬው በረንዳ ነው፣ ምድጃው የእማማ ምጣድ፣ ጎተራውም የመንደሩ። ያልተሸከመውን ሌላው ተሸክሞለታል። የፈረንጁ ተጓዥ ግራም የሚቆጥረው የሚያንኳኳው ደጅ ስለሌለው ነው።

ለተሜ ደጅ ብቻውንም አይበቃም፤ ድልድይም ያስፈልገዋል። ከሞጣ ወደ እስቴና ጋይንት የሚሻገር ሰው ዓባይን ያልፍ የነበረው በሰባራ ድልድይ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ፋሲለደስ ጊዜ የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ እየተጎተተ ሲሻገር ለአሥርት ዓመታት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን የሚያሳይ ፎቶ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ተነሥቶ ድልድዩን አስጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 በኬብል የተንጠለጠለ አዲስ መሻገሪያ ተሠራ። በገመድ እየተንጠለጠለ ይሻገር ለነበረ ሰው 14 ኪሎ ቦርሳ ምን ይሆንበት እንደነበር አስባለሁ።

ያን ቀን ብቸና ገበያ ነጋዴው እስኪመልስልኝ ቦርሳዬ ሚዛኑ ላይ ቆየ። የእኔ ቦርሳ ጠዋት ከባድ ነው፤ እየበላሁለት፣ እየጠጣሁለት ማታ ይቀላል። የተሜ አኮፋዳ ግን ጠዋት ባዶ ወጥቶ ማታ ይከብዳል።