ርካሹ የሽጉጥ ሌዘር ስንት ያስወጣል?

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ መደብሮች መስተዋት ውስጥ ከሽጉጦች ጎን የሚደረደር አነስተኛ ዕቃ አለ፤ የሌዘር ማነጣጠሪያ። ዕቃው ዒላማው ላይ ባለቀለም የብርሃን ነጥብ ይጥላል። ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ጀምሮ እስከ 300 ዶላርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የገዢው ጥያቄ ርካሹ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚል ነው።

ገበያው የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በኦሪገን የተቋቋመውን ክሪምሰን ትሬስ የተባለ የሌዘር አምራች፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ2016 በ95 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

የዋጋው ልዩነት አንዱ ምንጭ ቀለሙ ነው። ቀዩ ጨረር ርካሽ ነው፤ ባትሪም ይቆጥባል። ለቤት ውስጥና ለምሽት የሚበቃ ሲሆን በጠራራ ፀሐይ ግን ከጥቂት ሜትሮች በኋላ ለማየት ያስቸግራል። አረንጓዴው የሰው ዓይን በቀን ብርሃን አብልጦ ወደሚያየው 555 ናኖ ሜትር ስለሚቀርብ በግልጽ ይታያል። በአንጻሩ ዋጋው ይወደዳል፤ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳል።

ሁለተኛው አገጣጠሙ ነው። ከአፈሙዙ ሥር የሚታሰረው በአብዛኛው ርካሹ ነው። ሆኖም ሽጉጡ በነበረው ማኅደር አልገባ ስለሚል ባለቤቱን ለሌላ ወጪ ይዳርጋል። በእጀታው ላይ የሚገጠመው ውድ ቢሆንም መያዣው ሲጨበጥ በራሱ ይበራል፤ በድንጋጤ ሰዓት ማብሪያ መፈለግ አያሻም።

ዋናው ፈተና ግን ከተኩስ በኋላ የሚመጣው ነው። ሽጉጥ በተተኮሰ ቁጥር ይነዝራል። ደካማ ማያያዣ ያለው ሌዘር ብሎኑ ሲላላ ነጥቡ ከቦታው ይሸሻል። ነጥቡ እየታየ ጥይቱ ሌላ ቦታ ከሄደ፣ ዕቃው ባይኖር ይሻል ነበር፤ ከዒላማው ጀርባ ሰው ሊኖር ይችላልና። ስለዚህ ገዢው በተኩስ መለማመጃ ሥፍራ በብሩጎላ አስተካክሎ፣ 50 ያህል ጥይት ተኩሶ፣ ነጥቡ መጽናቱን እንደገና ማየት ይኖርበታል። የጥይቱም ዋጋ ከሒሳቡ ይገባል።

ጨረሩና ጥይቱ የሚገናኙት በአንድ ርቀት ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት። ሌዘሩ ከአፈሙዙ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በ10 ሜትር ላይ ቢስተካከል፣ በ20 ሜትር ላይ ጥይቱ ከነጥቡ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል።

ሌዘሩ ጥሩ አስተማሪም ነው። ጥይት ወጥቶለት ባዶነቱ በተረጋገጠ ሽጉጥ ቃታ ሲሳብ የነጥቡ መንቀጥቀጥ የእጅን ስህተት ያሳያል። ጨረሩን ወደ ሰው ዓይን ማዞር ግን አደጋ አለው።

ባትሪ ያልቃል፤ በሽጉጡ ላይ ያለው የብረት ማነጣጠሪያ ግን አያልቅም። በእሱ መተኮስ ያልለመደን ሰው የ300 ዶላሩም ሌዘር አያድነውም። የለመደው ደግሞ ማኅደሩን፣ ባትሪውንና የመለማመጃውን ጥይት ደምሮ ቢያሰላ፣ የትኛው በእርግጥ ርካሽ እንደሆነ ከመግዛቱ በፊት ያውቀዋል።