ጣውላው ለማን ተለካ?

የጥያን ትክል ድንጋዮች ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ቁጥራቸው 36 ነው። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ይህንንማ ድሮም እናውቃለን፤ ጨርቅ በክንድ ሲለካ ገዢ ክንደ ረጅም ሰው ይፈልግ ነበር እኮ! የሥራ ዕቃ ስንሠራ ግን እንረሳዋለን።

እንሰት የምትፍቅ ሴት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። መሬት ላይ ትቀመጣለች። ከፊቷ ጣውላ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ከእንሰቱ ግንድ የተገነጠለውን ሽፋን ጣውላው ላይ ታደርጋለች። አንድ እግሯን አንስታ በተረከዟ ትይዘዋለች። ከዚያም የቀርከሃ መፋቂያ ይዛ ቁልቁል ትፍቃለች። ለቆጮ የሚሆነው ወደ ታች ይወርዳል፤ ቃጫው ይቀራል። ይህን ቀኑን ሙሉ ትደጋግመዋለች።

እንግዲህ በአንድ ቤት አማት ረጅም፣ ምራት አጭር ናቸው እንበል። ጣውላው የቆመው ለአማቲቱ ነው። ምራቲቱ እግሯን ከልክ በላይ ትሰቅላለች። መቀመጫዋ ይንሸራተታል። እጇ ስለማይደርስ ወገቧ ይሳባል። ነፍሰ ጡር ከሆነችማ ችግሩ ይብሳል። ማታ ወገቧን ይዛ ስትነሳ፣ «ይህች ልጅ ሰነፍ ናት» ይባላል። ሰነፍ አይደለችም። ጣውላው ነው ለሌላ ሰው የተለካው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጣውላውን ብናሳጥረው ደግሞ አማቲቱ ትጎብጣለች። የሚሻለው መቀመጫውን መለወጥ ነው። ለአጭሯ ወፈር ያለ ጉማጅ እንጨት፣ ለረጅሟ ሳሳ ያለ ይቀመጥ። ልኩን ለማወቅ ጀርባን አቅንቶ መቀመጥና ተረከዝን ጣውላው ላይ ማድረግ ነው። ጉልበት ትንሽ እጥፍ ካለ ደህና ነው። ጭራሽ ከተገተረ መቀመጫውን ጠጋ አድርጉት። መፋቂያው ሥራ ሲጀምር ትከሻ ወደ ላይ መሰቀል የለበትም። ሽፋኑን አጠር አድርጎ መቁረጥም ይረዳል። ቃጫው ግን ያጥራል፤ ቃጫ የምትሸጥ ሴት ይህን አትወደውም።

ቆሞ ለሚሠራ ሥራ መለኪያው ክርን ነው። ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ክርናችሁን እጠፉ። ሽንኩርት ለመክተፍ ጠረጴዛው ከክርን ጥቂት ዝቅ ይበል። ሊጥ ለማቡካት ወይም እንጨት ለመላግ ግን ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከክርን አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይበል፤ ያን ጊዜ የሰውነት ክብደት ያግዛል። ብዙ ሰው የሚሠራበት ጠረጴዛ ከሆነ ለረጅሙ ይሠራ። አጭሩ ከእግሩ ሥር መቆሚያ ይደረግለታል፤ ረጅሙን ግን ማሳጠር አይቻልም። በር እንደዚሁ ለረጅም ሰው ይለካል። ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ግን ለአጭር ሰው ይለካል፤ አጭሩ የደረሰበት ላይ ረጅሙም ይደርሳልና።

ዛሬ የእንሰት መፋቂያ መሣሪያዎች እየመጡ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሠራቸው አሉ። መሣሪያም ቢሆን ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ነው የሚሠራበት። ሴቶች በማኅበር ሆነው ሲገዙ፣ ገንዘቡ ሳይከፈል ከመካከላቸው ከሁሉ አጭሯና ከሁሉ ረጅሟ ይሞክሩት። አንዲት ሽፋን ብቻ ፍቀው አይነሡ፤ ግማሽ ቀን ይሥሩበት።