«ስኳር የለበትም» ያልኩት ዳቦ

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትወጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማ አለች። ወቅቱ ከሆነ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑ መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። እኛ ቤት ግን ፍራፍሬ እንደ ምግብ ተቆጥሮ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ ሱቅ ተሮጦ ብስኩትና ለስላሳ ይገዛል፤ ማንጎው ጓሮ ወድቆ ዝንብ ይወረዋል።

ዓምና እናቴ ስኳር እንዳለባት ተነገራት። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲፈላ በእጇ የጋገረችውን ድፎ ቆርሳ ለሁላችን ታድላለች። ለራሷ አንዲት ስስ ቁራሽ ትይዛለች፤ እሷንም እንደሰረቀ ሰው ዞር ብላ ነው የምትበላት። ይሄን ማየት አልቻልኩም። ስልኬን ከፍቼ በፍራፍሬ ስለሚጋገር ዳቦ ያገኘሁትን ቪዲዮ ሁሉ አየሁ። ከዚያ ወሰንኩ፦ ሊጡ ውስጥ የምንጨምረው አንድ ብርጭቆ ስኳር ይውጣ፣ ሙዝና ማንጎ ይግባ።

የመጀመሪያው አልተሳካም። ማንጎ አብዛኛው ውሃ ነው፤ እኔ ደግሞ እንደወትሮው ውሃ አድርጌ ስላቦካሁት ሊጡ ሙጫ ሆነ። ሁለተኛው ግን ሽታው ጎረቤት ጠራ። «እማዬ ብዪ፣ ስኳር የለበትም» አልኳት። በላች። ደገመች። ሦስተኛም ቆረሰች። ደስ አለኝ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትለካ ቁጥሩ ከወትሮው ዘሎ ተገኘ። መለኪያውን አየች፣ እኔን አየች። «ስኳር የለበትም አላልሽም?» አለችኝ።

ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ግማሽ ኪሎ ዱቄት ውስጥ 365 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። ዳቦው ለ12 ሲቆረስ አንዱ ቁራሽ 30 ግራም ይደርሰዋል፤ ይሄ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት የሚለወጥ ነው። ያወጣሁት አንድ ብርጭቆ ስኳር 200 ግራም ገደማ ነው፤ ለአንድ ቁራሽ 17 ግራም ገደማ። ሁለቱ ሙዝና አንዱ ማንጎ ደግሞ የራሳቸውን ስኳር ይዘው ገብተዋል፤ ለአንድ ቁራሽ 5 ግራም ገደማ።

ስለዚህ የድሮው ድፎ አንድ ቁራሽ 47 ግራም፣ የእኔው 35 ግራም። ቀንሷል፣ እውነት ነው። እናቴ ግን የበላችው ሦስት ነው፤ 105 ግራም።

ኢኮኖሚክስ መጀመሪያ የሚያስተምረው ዋጋ ሲወርድ ፍላጎት እንደሚጨምር ነው። እናቴ ለእያንዳንዱ ቁራሽ ትከፍል የነበረው ዋጋ ፍርሃት ነበር። እኔ «ስኳር የለበትም» ብዬ ዋጋውን ዜሮ አደረግሁት። «ጤናማ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ብስኩት ሱቅ ውስጥ ስታዩ ይሄን አስታውሱ። ማሸጊያው ስለ አንዱ ፍሬ ይነግራችኋል፣ ስንት እንደምትበሉ ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ሌላም የተሳሳትኩት ነገር ነበር። አምባሰል ያለ ዘመድ ማር ሲልክልን «በቃ፣ በስኳር ፈንታ ማር እናድርግ» ብዬ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ግን ማርም፣ የፍራፍሬ ጭማቂም ከተጨመረ ስኳር እኩል ነው የሚቆጠሩት። መመሪያው እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ይይዛል።

ሙሉው ፍሬ ግን ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ማንጎውን ስታኝኩት ስኳሩ ከአሰሩ ጋር ስለሚገባ ቀስ ብሎ ነው ደም ውስጥ የሚደርሰው። ሲጨመቅና ሲጠለል አሰሩ ይቀራል። ሲጋገር ደግሞ ቫይታሚን ሲው በሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ ጥሩውን ማንጎ እንዳለ ብሉት። ለዳቦ የሚሆነው ቆዳው የጠቆረው ሙዝና ነገ የሚጣለው ማንጎ ነው። የበሰለ ሙዝ ውስጥ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠ ይጣፍጣል፤ ስኳር መጨመር የማያስፈልገውም ለዚያ ነው።

አሁን የምጋግረው እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ ግማሹ ያልተነፋ። ሁለት በጣም የበሰለ ሙዝ በሹካ ይደቆሳል፣ አንድ ማንጎ ይከተፋል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት። ለብ ያለ ውሃ መጨረሻ ላይ፣ በትንሽ በትንሹ። ሊጡ እጥፍ እስኪሆን ኩፍ ይበል፤ ከዚያ ኮባ የተነጠፈበት ምጣድ ላይ፣ በእሳት ቢሆን ከላይም ከታችም፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢሆን ከድናችሁ ገልበጥ አድርጉት። ሙዙ እንቁላሉን ስለሚተካ ወተትም እንቁላልም የለውም፤ ለጾም ይሆናል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ረመዳን ላይ ለማፍጠሪያ ወስደውታል።

ዋናው ለውጥ ግን ቢላዋው ላይ ነው። ድሮ ለ12 የምቆርሰውን አሁን ለ16 እቆርሳለሁ። ለእናቴ የሚበቃት ስንት እንደሆነ እኔ አልወስንም፤ ጤና ባለሙያዋን ጠይቀን አንድ ቁራሽ፣ ቡናው ያለ ስኳር ብለን ተስማምተናል። እናንተም ቤት ስኳር ያለበት ሰው ካለ ከእኔ ቪዲዮ በፊት ባለሙያውን ጠይቁ።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ እናቴ ድርሻዋን ፊት ለፊታችን ቁጭ ብላ በላች። ሁለተኛውን ላቀብላት ስል እጄን መለስ አድርጋ ሳቀች፦ «ተይ አንቺ! ሂሳብሽን አውቄዋለሁ።»