ባትሪ ሲሞት አትቸኩሉ!

ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ከክላርክስተን ተነስቶ ወደ ኤርፖርት ለሥራ የሚሄድ ወገናችን ቁልፉን ሲያዞር መኪናው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ማታ መብራት ሳያጠፋ ገብቷል። አገር ቤት ቢሆን የሠፈር ልጆች ገፍተው ያስነሱለት ነበር። እዚህ ግን አብዛኛው መኪና አውቶማቲክ ማርሽ ስለሆነ ቢገፉት አይነሳም። ስለዚህ ጎረቤት ይቀሰቀሳል፣ ኬብል ይፈለጋል። አደጋም የሚመጣው ከዚህ ጥድፊያ ነው።

ባትሪው ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን የተባለ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ይወጣል። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ባትሪውን ልታፈነዳው ትችላለች፤ የሚረጨው አሲድ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። እንግዲህ ሲጋራ ይጥፋ፣ በላይተርም አይታይ።

ሁለቱም መኪኖች ይጥፉ። ቀዩን ኬብል መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ (+)፣ ሌላውን ጫፍ በደህናው ፖዘቲቭ ላይ እሰሩ። ጥቁሩን በደህናው ኔጋቲቭ (-) ላይ አድርጉ። የመጨረሻውን ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ አታድርጉት! ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም ባልተቀባ የሞተሩ ብረት ላይ እሰሩት። ፍንጣሪ የሚወጣው በዚህች ቅጽበት ነውና። መኪናው ሲነሳ ኬብሉን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ፍቱ። ሃይብሪድ መኪና ያላችሁ አስቀድማችሁ የመኪናውን መመሪያ አንብቡ።

መኪናው ተነሳ ማለት ባትሪው ሞላ ማለት አይደለም። አሥር ደቂቃ ነድቶ ማቆም ነገም ያስለምናል። የሚሻለው በቻርጀር፣ በ10 አምፒር ወይም ከዚያ ባነሰ፣ ቀስ ብሎ መሙላት ነው። መቆንጠጫዎቹን ካሰራችሁ በኋላ ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ ሰኩ፤ ስትፈቱ መጀመሪያ ከግድግዳው ንቀሉ። የጋራዡ በር ክፍት ይሁን። ከሞላ በኋላ ጥቂት ሰዓት አርፎ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ደህና ነው። ካልያዘ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነፃ ይመረምሩታል።

ባትሪን ይበልጥ የሚጎዳው የአትላንታ የበጋ ሙቀት ነው፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ግን በብርድ ነው። በዲሴምበር 2022፣ በፈረንጆች ገና ሰሞን፣ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ ፋራናይት በታች ወርዶ ነበር። ባዶ ባትሪ በዚህ ብርድ በረዶ ይሆናል። የቀዘቀዘ ወይም ያበጠ ባትሪ ከቶ ቻርጅ አይደረግም።

አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በውሃ ታጥቦ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የዘገየ ሥራ ይካካሳል፤ ዓይን ግን መለዋወጫ የለውም።