ብስክሌተኛው በብስክሌተኛ እንዳይማረር

ስለ ብስክሌት ትራንስፖርት ችግሮች ሲነገር ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ በአሽከርካሪዎች ላይ ነው። መስመር ዘግቶ የሚቆም መኪና፣ ወደ ኋላ ሳያይ በር የሚከፍት ተሳፋሪ፣ ተጠግቶ የሚያልፍ ሚኒባስ ታክሲ በተደጋጋሚ ይወቀሳሉ። ወቀሳው ተገቢ ነው። ይሁንና ጠዋትና ማታ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለሱ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚማረሩባቸው ልማዶችም አሉ። እነዚህ ልማዶች እንደ ቀላል ነገር ስለሚታዩ እምብዛም መነጋገሪያ አይሆኑም፤ ጉዳታቸው ግን ቀላል አይደለም።

ጉዳዩ አሁን ትኩረት የሚሻው ለብስክሌት ብቻ የተለዩ መስመሮች በመዲናዋ እየተስፋፉ በመምጣታቸው ነው። በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል መጠሪያ የተመረጡ ጎዳናዎችን ለተወሰኑ ሰዓታት ከተሽከርካሪ ነጻ የማድረግ መርሐ ግብር የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም አዘጋጅታለች። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከእግረኛ መንገዶች ጋር የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። የመሬት አቀማመጣቸው ሜዳማ በሆነው በባሕር ዳርና በሐዋሳ ከተሞች ግን ብስክሌት የሠራተኛው፣ የተማሪውና የነጋዴው መመላለሻ ከሆነ ረጅም ጊዜ ተቆጥሯል።

መኪና ለማሽከርከር ሕግ መማርና መፈተን ግዴታ ነው። ብስክሌት ለመንዳት ግን በአብዛኛው የዓለም ክፍል መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ይህም ብስክሌትን ለማንኛውም ሰው ቅርብ አድርጎታል። በሌላ በኩል ብዙ ሰው በልጅነቱ በሰፈር ሜዳ ላይ ሚዛን መጠበቅን ብቻ ተምሮ፣ ካደገ በኋላ በቀጥታ ወደ ዋና ጎዳና ይወጣል። ሚዛን መጠበቅና መንገድን ከሌሎች ጋር መጋራት ግን የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አስመራሪ ልማዶች የሚበቅሉት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ከልማዶቹ መካከል በአደገኛነቱ በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ከአቅጣጫ ውጪ መንዳት ነው። ለአንድ አቅጣጫ በተሠራ መስመር ላይ በተቃራኒው የሚመጣ ብስክሌተኛ፣ ሕጉን አክብሮ የሚሄደውን ወይ ወደ እግረኛው ወይ ወደ ተሽከርካሪው መንገድ እንዲወጣ ያስገድደዋል። አደጋውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ሁለት ብስክሌተኞች እያንዳንዳቸው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየነዱ ፊት ለፊት ቢመጡ የሚቀራረቡበት ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመካከላቸው 25 ሜትር ርቀት ቢኖር ለመገናኘት የሚፈጅባቸው ጊዜ 3 ሰከንድ ብቻ ነው። በአንጻሩ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ እየሄዱ የፊተኛው በ15፣ የኋለኛው በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢነዱ፣ ያንኑ 25 ሜትር ለመዝጋት 18 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። የመጀመሪያው ለድንጋጤ እንኳ በቂ ጊዜ አይሰጥም፤ ሁለተኛው ደወል አሰምቶ፣ ዞር ብሎ አይቶ በሰላም ለማለፍ ያስችላል።

ከአቅጣጫ ውጪ የሚነዳ ሰው ሁልጊዜ በንቀት ያደርገዋል ማለት አይደለም። ማቋረጫው ሩቅ ሲሆንበት ወይም መሥሪያ ቤቱ በቅርብ ርቀት ሲታየው «ትንሽ መንገድ ነው» ብሎ ይገባል። ሌላው መንገደኛ ግን ያ «ትንሽ መንገድ» የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለሁለት አቅጣጫ በተሠሩ መስመሮችም ቢሆን ቀኝን ይዞ መሄድ የማይታለፍ ደንብ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ጎን ለጎን መንዳትና በመስመሩ መካከል መቆም ነው። ከሥራ ባልደረባ ጋር እየተጫወቱ መሄድ መንገዱን ያሳጥራል። በመንገድ ላይ የተገኘን ወዳጅ ቆም ብሎ ስለ ጤናውና ስለ ቤተሰቡ መጠየቅም የተለመደ ጨዋነት ነው። ሆኖም ጠባብ በሆነ መስመር ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲነዱ ከኋላቸው ያለው ሁሉ በእነርሱ ፍጥነት እንዲሄድ ይገደዳል። በድንገት የሚቆመው ደግሞ ከኋላው የሚመጣውን ለግጭት ያጋልጣል። መፍትሔው ሰላምታውን መተው ሳይሆን እጅ አንሥቶ ምልክት ሰጥቶ፣ ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መቆም ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ሳያሰሙ ማለፍ ነው። ብስክሌት ሞተር ስለሌለው ከኋላ ሲመጣ አይሰማም። ደወል ሳይደውል በቀኝ ወይም በግራ ሽው ብሎ የሚያልፍ ሰው ከፊት ያለውን ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ብስክሌተኛ ደግሞ መሪውን ያዞራል። በሌላ ወገን ደወሉን ያለማቋረጥ እየደወለ «መንገድ ልቀቁ» የሚል መንፈስ የሚያሳይም አለ። ደወል የማስታወቂያ መሣሪያ እንጂ የትእዛዝ መሣሪያ አይደለም። አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ከሩቅ ደውሎ በግራ በኩል በቂ ርቀት ጠብቆ ማለፍ ይበቃል። ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የፊተኛውን የኋላ ጎማ ተጠግቶ መከተል ነው። የውድድር ብስክሌተኞች ነፋስ ለመከላከል እንዲህ የሚያደርጉት አብረው የሠለጠኑና የሚተዋወቁ በመሆናቸው ነው። ወደ ሥራ የሚሄድ የማይተዋወቅ ሰው ግን ከፊቱ ያለው መቼ ፍሬን እንደሚይዝ አያውቅም።

አራተኛው የተንቀሳቃሽ ስልክ ጉዳይ ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ብስክሌተኛ በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ይጓዛል። መልእክት ለማየት ለ2 ሰከንድ ብቻ ዓይኑን ቢነቅል 10 ሜትር መንገድ ሳያይ አልፏል ማለት ነው። በተጨማሪም ስልክ በያዘው እጁ ፍሬን መያዝ አይችልም። የብስክሌት አገር በምትባለው ኔዘርላንድ ብስክሌት እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ ደፍኖ መንዳትም የሌላውን ደወል ዋጋ ያሳጣዋል።

አምስተኛው ያለ መብራት መንዳት ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ይወርዳል። ከቀኑ 11፡30 ከቢሮ የሚወጣ ሠራተኛ ጥቂት ከቆየ ወይም ቤቱ ሩቅ ከሆነ ጉዞውን የሚጨርሰው በጨለማ ነው። «መንገዱን አውቀዋለሁ፣ የመንገድ መብራትም አለ» የሚለው ምክንያት የመብራትን ዋነኛ ጥቅም ይዘነጋል፤ የብስክሌት መብራት ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌት የሚሠራ ፍሬን፣ በበቂ ርቀት የሚሰማ ደወል፣ ከፊት መብራት፣ ከኋላ ደግሞ ቀይ መብራትና ቀይ አንጸባራቂ እንዲኖረው ይደነግጋል። መብራቱ ግን ወደ መሬት ዘንበል ማለት አለበት። ኃይለኛ መብራት ቀጥ ብሎ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ካጭበረበረ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ስድስተኛው በመስቀለኛ መንገድ ላይ የሚታየው ነው። ቀይ መብራት ላይ ሌሎች ተራቸውን ጠብቀው ቆመው ሳለ፣ ዘግይቶ የመጣው በመካከላቸው ተሹለክልኮ ከሁሉም ፊት ይቆማል። አረንጓዴ ሲበራ በዝግታ ይነሣና ሌሎቹ እንደገና እርሱን ለማለፍ ይገደዳሉ። ከዚህ የባሰው ቀይ መብራቱን ጥሶ የሚያልፈው ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ታክሲ ለመያዝ ረጅም ሰልፍ በሥርዓት ይጠብቃል፤ ሰልፍ ሊያልፍ የሞከረ ሰውም ወዲያውኑ «ተራ ያዝ» ይባላል። በብስክሌት መስመር ላይ ያለው ሰልፍም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንደ አዲስ አበባ ባሉ ተዳፋት የሚበዛባቸው ከተሞች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከፒያሳ ወደ ለገሀር እንደሚወርደው የቸርችል ጎዳና ባሉ ቁልቁለቶች ላይ ብስክሌት ያለ ምንም ጉልበት ይፈጥናል። ፍጥነት ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በእጥፍ ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። በክረምት ደግሞ የጎማውን ቸርኬ ጠርዝ የሚይዙ ፍሬኖች ሲረጥቡ የመያዝ አቅማቸው ይቀንሳል። ዳገት የሚወጣ ሰው በበኩሉ ሲደክመው ብስክሌቱ ግራና ቀኝ ይወላገዳል። ስለዚህ የሚወርደው ፍጥነቱን አስቀድሞ መቀነስ፣ የሚወጣውም የቀኙን ጠርዝ ይዞ መሄድ፣ ካቃተውም ከመስመሩ ወጥቶ መግፋት ይጠበቅበታል።

አስመራሪ ልማዶች በመሥሪያ ቤት ቅጥር ግቢም ይቀጥላሉ። ብስክሌትን በበር ላይ ወይም በደረጃ ሥር አቁሞ መሄድ የሠራተኛውንም የባለጉዳዩንም መተላለፊያ ይዘጋል። ሰንሰለትን ከሌላ ሰው ብስክሌት ጋር አጣምሮ መቆለፍ ደግሞ ባለቤቱ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ያግደዋል። ብዙውን ጊዜ የዚህ መነሻ ተገቢ ማቆሚያ አለመኖሩ ነው።

የብስክሌት ባህል በዳበረባቸው አገሮችም ሥርዓቱ በአንድ ጀምበር አልመጣም። በኔዘርላንድ ሕዝቡ በትራፊክ አደጋ በሚሞቱ ሕፃናት ጉዳይ ለተቃውሞ የወጣውና በነዳጅ ቀውሱ ምክንያት እሑድ እሑድ መኪና የታገደው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው። ለብስክሌት የተለዩ መንገዶችም በስፋት የተሠሩት ከዚያ ወዲህ ነው። የአገሪቱ ልጆች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትራፊክ ትምህርት ይማራሉ፤ ፈተናም ይወስዳሉ። በዴንማርክ ደግሞ ብስክሌተኛ ሊቆም ሲል እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ ወደ ግራ ለመታጠፍ ሲፈልግ በቀጥታ አይቆርጥም፤ አስቀድሞ መንገዱን ቀጥ ብሎ ተሻግሮ፣ ከዚያ ቆም ብሎ ነው ወደ ግራ የሚሻገረው። እነዚህ ልማዶች ቀላል ቢመስሉም አንድ የጋራ ዓላማ አላቸው፤ ብስክሌተኛው ቀጥሎ የሚያደርገውን ሌላው አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሥርዓት በጎደለው መስመር ላይ በቅድሚያ ተስፋ የሚቆርጡት ደፋር ወጣቶች አይደሉም። ብስክሌት የጀመሩ ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ወላጆችና ገና ልምድ ያላካበቱ ሰዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ከመጣ ብስክሌት ጋር ለጥቂት የተረፈ ሰው በማግስቱ ወደ ታክሲ ሰልፉ ሊመለስ ይችላል። ተጠቃሚ ያጣ መስመር ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ መኪና ይቆምበታል፣ ዕቃ ይዘረጋበታል፣ ሞተር ሳይክል ይነዳበታል። ከዚያም «ለማን ተብሎ ተሠራ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ መሠረተ ልማት በጥቂቶች ግዴለሽነት ዓላማውን ሊስት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

በመሆኑም መፍትሔውን ለግለሰቦች መልካም ፈቃድ ብቻ መተው አይገባም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በቅጥር ግቢያቸው ዝናብ የማያገኘውና ቁልፍ የሚያስገባ የብስክሌት ማቆሚያ በአነስተኛ ወጪ ማዘጋጀት ይችላሉ። በብስክሌት ለሚመላለሱ ሠራተኞች ስለ አቅጣጫ፣ ስለ ምልክት አሰጣጥና ስለ መብራት የግማሽ ቀን ማስገንዘቢያ መስጠትም ከአቅማቸው በላይ አይደለም። የትራፊክ ፖሊስ ቁጥጥር ከአቅጣጫ ውጪ በሚነዱትና ቀይ መብራት በሚጥሱት ላይ ቢያተኩር የብዙውን ሰው ሥጋት ይቀንሳል። የመንገድ ንድፍ የሚያወጡ ባለሙያዎችም ሰዎች ደጋግመው ከአቅጣጫ ውጪ የሚነዱበትን ቦታ እንደ ጥፋት ብቻ ሳይሆን እንደ ጥቆማ ሊያዩት ይገባል፤ በዚያ ቦታ ማቋረጫ ጎድሏል ወይም ምልክቱ ግልጽ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የዓለም የብስክሌት ቀን በየዓመቱ ግንቦት 26 ቀን ይከበራል። ዕለቱ ብስክሌት ርካሽ፣ ለጤና ተስማሚና አየር የማይበክል መጓጓዣ መሆኑ የሚነገርበት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ የሚቀጥለው ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በአንድ ጠባብ መስመር የሚገናኙ ሰዎች ቀኛቸውን ሲይዙ፣ ተራቸውን ሲጠብቁና ሐሳባቸውን በምልክት ሲያሳውቁ ነው። አሽከርካሪው ለብስክሌተኛ ክብር እንዲሰጥ የሚጠይቅ ሁሉ ያንኑ ክብር አስቀድሞ ከጎኑ ለሚነዳው ሊሰጥ ይገባል።